ያልተገመገመ ማስረጃ፦ የአቻ ግምገማ በሕግና በሕክምና መጽሔቶች ታሪክ

እ.ኤ.አ. ጁን 28 ቀን 1993 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳውበርት በሚል ስም በሚታወቀው ክርክር ላይ ውሳኔውን ሰጠ። የክርክሩ መነሻ የሕክምና ጉዳይ ነበር። ሁለት ሕፃናት ከከባድ የአካል ጉድለት ጋር የተወለዱ ሲሆን፣ እናቶቻቸው በእርግዝና ወቅት ለማቅለሽለሽና ለማስመለስ ቤንዴክቲን የተባለውን መድኃኒት ወስደው ነበር። ቤተሰቦቹ ለደረሰው ጉዳት መድኃኒቱን ምክንያት አድርገው አምራቹን የሜረል ዳው ኩባንያ ከሰሱ። ጉዳዩ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በደረሰ ጊዜ ግን ዘጠኙ ዳኞች እንዲመልሱ የቀረበላቸው ጥያቄ መድኃኒቱ ጽንስን ይጎዳል ወይስ አይጎዳም የሚለው አልነበረም። ጥያቄው የአንድ ባለሙያ ምስክርነት «ሳይንሳዊ» ተብሎ በፍርድ ቤት ተቀባይነት የሚያገኘው በምን መመዘኛ ነው የሚል ነበር። በውስጡም የሥር ፍርድ ቤቶች አጥብቀው የያዙት አንድ ነጥብ ነበረበት፤ ይኸውም በሙያ አቻዎች ያልተገመገመና በመጽሔት ያልታተመ ትንተና ምን ያህል ሊታመን ይገባዋል የሚል ነው።

በዚህ ሁኔታ ውስጥ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ስለ አቻ ግምገማ ዋጋ እንዲፈርዱ የተጠየቁት ዳኞች የመጡበት ሙያ፣ በአሜሪካ እጅግ የተከበሩ መጽሔቶቹን ሲያዘጋጅ የኖረው ሌሎች ሙያዎች በሚያውቁት መልክ የተደራጀ የአቻ ግምገማ ሳይኖረው ነው። በሃርቫርድ፣ በዬልና በኮሎምቢያ የሕግ መጽሔቶች ላይ የሚወጣውን የፕሮፌሰሮች ጽሑፍ የሚመርጡት፣ የሚያርሙትና የሚያሳትሙት ገና ትምህርታቸውን ያልጨረሱ የሕግ ተማሪዎች ናቸው። ለጤና ባለሙያ ይህ እንግዳ ነገር ነው፤ የሕክምና ተማሪዎች በአንድ ታላቅ የሕክምና መጽሔት አዘጋጅነት ተቀምጠው የመምህሮቻቸውን የምርምር ውጤት «ተቀብለነዋል» ወይም «አልተቀበልነውም» ሲሉ ማሰብ ያስቸግራልና። ሁለቱ ሙያዎች በዚህ ረገድ እንዴት እንደተለያዩና በ1993ቱ ችሎት ፊት እንዴት እንደተገናኙ መመልከት፣ የጤና ባለሙያው በየዕለቱ የሚተማመንበት «በአቻ የተገመገመ» የሚል ማኅተም ምን ያህል ክብደት መሸከም እንደሚችል ለመመዘን ይረዳል።

የግምገማ ልማድ አመጣጥ

የአቻ ግምገማ ከሳይንስ መጽሔት ጋር አብሮ እንደተወለደ ተደርጎ ብዙ ጊዜ ይነገራል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ሄንሪ ኦልደንበርግ እ.ኤ.አ. በ1665 በለንደን «ፊሎሶፊካል ትራንዛክሽንስ» የተባለውን መጽሔት ማሳተም ሲጀምር የሚወጣውንና የማይወጣውን የሚወስነው በአብዛኛው ራሱ ነበር። በሕክምና በኩል ቀደምት ሆኖ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1731 በኤዲንበርግ የተቋቋመው ማኅበር ነው። ይህ ማኅበር ባሳተመው የሕክምና ጽሑፎች ስብስብ መቅድም ላይ፣ የሚላኩለት ጽሑፎች እንደየይዘታቸው በጉዳዩ የተሻለ ዕውቀት ላላቸው አባላት እንደሚከፋፈሉና የመርማሪው ማንነት ለጸሐፊው እንደማይገለጽ አስታውቆ ነበር። የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲም እ.ኤ.አ. በ1752 የ«ትራንዛክሽንስ»ን ኃላፊነት ከተረከበ በኋላ ጽሑፎችን በድምፅ የሚመርጥ ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው ግን ለምን እንደተቀበለ ወይም ለምን እንደጣለ በጽሑፍ አያስረዳም ነበር።

በጽሑፍ የሚቀርብ የገምጋሚ ሪፖርት በሮያል ሶሳይቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1831 ዊልያም ሂዩኤል ባቀረበው ሐሳብ ነው። የሂዩኤል ሐሳብ ዛሬ ከሚታወቀው በብዙ ይለያል። እርሱ የፈለገው ሁለት ሁለት ሊቃውንት አንድ ጽሑፍ አንብበው የጋራ ሪፖርት እንዲያዘጋጁና ሪፖርቱም ከስማቸው ጋር ለሕዝብ እንዲታተም ነበር፤ ዓላማው ስሕተትን ማጣራት ሳይሆን አዲስ ግኝትን ለአንባቢ ማስተዋወቅ ነበር። ለመጀመሪያው ሙከራ የተመረጠው ጆርጅ ኤይሪ ስለ ምድርና ስለ ቬነስ እንቅስቃሴ የጻፈው ጽሑፍ ሲሆን፣ ገምጋሚዎቹ ሂዩኤል ራሱና ጆን ዊልያም ሉቦክ ነበሩ። ሁለቱ ገና ከመጀመሪያው ሳይስማሙ ቀሩ። ሂዩኤል የሥራውን ጠቅላላ ፋይዳ ማጉላት ሲፈልግ፣ ሉቦክ ስሌቱን እየመረመረ ጉድለቱን ይለቅም ጀመር፤ ጉድለቱንም ለጸሐፊው ጽፎ እንዲያስተካክል ለመጠየቅ ፈለገ። በመጨረሻም ሉቦክ አለዝቦ ሪፖርቱ እ.ኤ.አ. በ1832 ታተመ። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ግን ሪፖርቶቹን ማሳተም ቀርቶ የገምጋሚው ሥራ በምሥጢር የሚያዝ ሆነ። የዛሬ ዘመን የመጽሔት ጸሐፊ፣ አንዱ ገምጋሚ ሥራውን አወድሶ ሌላው ሠንጠረዡን እየነቀሰ ሲጽፍበት፣ የሂዩኤልና የሉቦክ ጠብ በእጁ ላይ እንደገና እየተካሄደ መሆኑን ልብ አይል ይሆናል።

የሕክምና መጽሔቶች ይህን አሠራር የተቀበሉት በአንድ ጊዜ አይደለም። የ«ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል» አዘጋጅ የነበረው ኧርነስት ሃርት በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ያልተጠየቁ ጽሑፎችን ለባለሙያ አስተያየት ይልክ እንደነበር ተናግሯል። በአንጻሩ «ላንሴት» እ.ኤ.አ. በ1823 ተመሥርቶ ሳለ መደበኛ የውጭ ግምገማን የተቀበለው ከ150 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። በብዙዎቹ መጽሔቶች ዘንድ አዘጋጁ በራሱ ዕውቀት ይወስን ነበር፤ የሚታተም ጽሑፍ እጥረት እንጂ ብዛት ችግር ባልነበረበት ዘመን ይህ ያስኬድ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን የምርምር ገንዘብ በረከተ፣ ሙያው በየዘርፉ ተከፋፈለ፣ አንድ አዘጋጅ ሁሉንም ማወቅ የማይችልበት ጊዜ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1959 ለገበያ የቀረበው የዜሮክስ ማባዣ መሣሪያም የራሱ ድርሻ አለው፤ በካርቦን ወረቀት ከሚገኙት ጥቂት ቅጂዎች ውጭ ሌላ ባልነበረበት ጊዜ አንድን ረቂቅ ለሦስት ሰው መላክ ቀላል ሥራ አልነበረም። «የአቻ ግምገማ» የሚለው ስያሜ ራሱ በእንግሊዝኛ የተስፋፋው ከእነዚህ ዓመታት ወዲህ ነው።

አልበርት አይንሽታይን እንኳ ለዚህ አሠራር እንግዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1936 ከናታን ሮዘን ጋር ስለ ስበት ሞገድ የጻፈውን ጽሑፍ የ«ፊዚካል ሪቪው» አዘጋጅ ለገምጋሚ እንደሰጠው ሲያውቅ፣ ከመታተሙ በፊት ለሌላ ሰው እንዲታይ አልፈቀድሁም ብሎ ጽሑፉን መልሶ ወሰደ። ገምጋሚው ስሕተት አግኝቶ ነበር፤ በሌላ መጽሔት የወጣው ጽሑፍም ድምዳሜው ተለውጦ ቀረበ።

ተማሪው በዳኝነት ወንበር

በሕግ በኩል ታሪኩ ሌላ መንገድ ይዟል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1885 የተጀመረው «ሎው ኳርተርሊ ሪቪው» በፍሬድሪክ ፖሎክ፣ ማለትም በአንድ ስመ ጥር ምሁር አዘጋጅነት የሚወጣ መጽሔት ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1887 የወጣው «ሃርቫርድ ሎው ሪቪው» ግን የተማሪዎች ሥራ ነበር። በዚያን ጊዜ የሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት ዲን የነበረው ክሪስቶፈር ላንግዴል የሕግ ትምህርት በፍርድ ቤት ውሳኔዎች ጥናት ላይ እንዲመሠረት አድርጎ ነበር፤ ለሕግ ሰው ቤተ መጻሕፍቱ ለኬሚስት ላቦራቶሪው እንደሆነው ነው የሚል እምነት ነበረው። በዚህ ላቦራቶሪ የሠለጠኑት ተማሪዎች የራሳቸውን ግኝት የሚያወጡበት መድረክ መፈለጋቸው አያስደንቅም። ከቀድሞ ተማሪዎች መካከል ሉዊስ ብራንዳይስ፣ በኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆነው፣ ለመጽሔቱ መቋቋም ድጋፍ ሰጥቷል። የዬል እ.ኤ.አ. በ1891፣ የኮሎምቢያም እ.ኤ.አ. በ1901 ተከተሉ። ቀስ በቀስም መጽሔት የሌለው የሕግ ትምህርት ቤት እንደ ጎደሎ የሚታይበት ዘመን መጣ።

አሠራሩን በዝርዝር መመልከት ያስፈልጋል። ተማሪዎች ለአዘጋጅነት የሚመረጡት በአንደኛ ዓመት ውጤታቸውና በጽሑፍ ውድድር ነው። ፕሮፌሰሩ ጽሑፉን የሚልከው ለአንድ መጽሔት ብቻ ሳይሆን በአንድ ጊዜ ለብዙዎች፣ አንዳንዴም ለአምሳና ከዚያ ለሚበልጡ ነው፤ ይህም በአብዛኛው በየካቲትና በነሐሴ አካባቢ፣ አዲስ የአዘጋጆች ቡድን ሥራ ሲረከብና የትምህርት ዘመን ሲከፈት ይከናወናል። አንድ አነስተኛ ስም ያለው መጽሔት «እናትመዋለን» ብሎ የጥቂት ቀናት የመልስ ጊዜ ሲሰጠው፣ ጸሐፊው ወዲያው የበለጠ ስም ላላቸው መጽሔቶች «ጥያቄ ቀርቦልኛልና ውሳኔያችሁን አፋጥኑልኝ» ብሎ ይጽፋል። በዚህ ዓይነት ጽሑፉ ደረጃ በደረጃ ሽቅብ ይወጣል። በሺህ የሚቆጠር ረቂቅ በሚጎርፍበት ወቅት ሃያ ጥቂት ዓመት የሆናቸው አዘጋጆች በቀናት ውስጥ ሊወስኑ ይገደዳሉ፤ የጸሐፊው ስምና የሚያስተምርበት ዩኒቨርሲቲም የውሳኔ አቋራጭ መሆኑ አይቀርም።

የሕክምና ጸሐፊ ይህን ሲሰማ በቅናትም በመገረምም ሊመለከተው ይችላል። በሕክምናው ዓለም አንድን ረቂቅ በአንድ ጊዜ ለሁለት መጽሔት መላክ ነውር ነው። የ«ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን» አዘጋጅ የነበረው ፍራንዝ ኢንገልፊንገር እ.ኤ.አ. በ1969 በሌላ ቦታ የወጣ የምርምር ውጤት በመጽሔቱ እንደማይታተም በይፋ ደንግጓል። እ.ኤ.አ. በ1978 በቫንኩቨር የተሰበሰቡ አዘጋጆች የጀመሩት የጋራ መመሪያም ለሁለት መጽሔት በአንድ ጊዜ መላክን አይፈቅድም። ጸሐፊው ወራት ይጠብቃል፤ ከተጣለበትም እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል። ለዚህ መዘግየት የሚሰጠው ምክንያት የገምጋሚዎች ጊዜ በነጻ የሚለገስ በመሆኑ ሊባክን አይገባውም የሚል ነው። የሕግ ተማሪዎችም የሚሠሩት ያለ ደመወዝ ነው፤ ነገር ግን ድካማቸው በትምህርት ማስረጃቸው ላይ በሚጻፍ ክብር ይካሳል።

ይሁን እንጂ የተማሪዎቹን አሠራር በፌዝ ማለፍ ተገቢ አይሆንም። ጽሑፉ ከተመረጠ በኋላ የሚደረግበት ምርመራ ሕክምናው የማያውቀው ጥብቅነት አለው። አንድ የሕግ ጽሑፍ ሦስት መቶና አራት መቶ የግርጌ ማስታወሻ ሊኖረው ይችላል። ተማሪዎቹ እያንዳንዱን ምንጭ ከመደርደሪያ አውርደው፣ የተጠቀሰው ገጽ ላይ የተባለው ነገር በእርግጥ መኖሩን፣ ጥቅሱ አንድ ቃል እንዳልተዛነፈ፣ ምንጩም ጸሐፊው ያለውን መደገፉን ያረጋግጣሉ። ለአጠቃቀስ ሥርዓቱ የተዘጋጀው «ብሉቡክ» የተባለው መመሪያ የመጀመሪያ እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1926 ሲሆን፣ ከዓመት ዓመት እየወፈረ ሄዶ የተማሪዎች የምሬት ምንጭ ሆኗል። የሕክምና መጽሔት ገምጋሚ በአንጻሩ የጥናቱን ዘዴ፣ የስታቲስቲኩን አግባብነትና የድምዳሜውን ልክ ይመዝናል እንጂ የበሽተኞቹን ካርድ አውጥቶ አያነብም፤ የተጠቀሱትን ሠላሳ ጽሑፎች አንድ በአንድ የሚከፍትም ጥቂት ነው። በአጭሩ፣ አንደኛው ሙያ የምንጩን እውነተኛነት አጣርቶ የሐሳቡን ክብደት ለጀማሪ ይተዋል፤ ሌላው ሐሳቡን ለሊቅ ሰጥቶ የምንጩን እውነተኛነት በጸሐፊው ክብር ላይ ይጥላል።

በተማሪዎች እጅ ያለፉ አንዳንድ ጽሑፎች ደግሞ ዘመን ተሻጋሪ ሆነዋል። ሳሙኤል ዋረንና ሉዊስ ብራንዳይስ ስለ ግላዊ ሕይወት መብት የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1890 በ«ሃርቫርድ ሎው ሪቪው» ወጣ፤ የበሽተኛን ምሥጢር ስለ መጠበቅ በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች የተደረገው ክርክር ሁሉ ከዚያ ጽሑፍ የራቀ ሥር የለውም።

ነቀፌታው ግን ከሙያው ውስጥ ራሱ መጣ። አይንሽታይን ከገምጋሚው ጋር በተጣላበት በዚያው በ1936 የዬል መምህር የነበረው ፍሬድ ሮዴል የሕግ መጽሔቶችን የሚሰናበት ጽሑፍ አሳተመ። አጻጻፋቸውንም ይዘታቸውንም ነቀፈ፤ የግርጌ ማስታወሻ ብዛትን አፌዘበት። ጽሑፉ የወጣው በቨርጂኒያ የተማሪዎች የሕግ መጽሔት መሆኑ ግን ሊረሳ አይገባም። በኋላም፣ የሕግ ምርምር ከኢኮኖሚክስ፣ ከሥነ ልቡናና ከሕክምና ጋር እየተዛመደ በሄደ ቁጥር ተማሪው የማያውቀውን ነገር እንዲመዝን መገደዱ ይበልጥ ግልጽ ሆነ። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1958 የተጀመረው «ጆርናል ኦፍ ሎው ኤንድ ኢኮኖሚክስ» በመምህራን የሚዘጋጅ ነበር። ዳኛና ምሁር የሆነው ሪቻርድ ፖዝነርም እ.ኤ.አ. በ1995 ተማሪዎች ከሕጉ ቀጥተኛ ትርጓሜ ውጭ ያሉ ጽሑፎችን ለመምረጥ አቅም እንደሚያንሳቸው ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ2005 ታላላቆቹ መጽሔቶች የጽሑፎችን ርዝመት ለመገደብ የጋራ መግለጫ አወጡ፤ አንዳንዶቹም ጽሑፍ ከመቀበላቸው በፊት የዘርፉን መምህራን አስተያየት መጠየቅ ጀመሩ። የመጨረሻው ቃል ግን የተማሪዎቹ ሆኖ ቆይቷል።

በኢትዮጵያም ሁለቱ ሙያዎች መጽሔት የመሠረቱት በተቀራራቢ ዓመታት ነው። የሕክምናው መጽሔት፣ «ኢትዮጵያን ሜዲካል ጆርናል»፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1963 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ተቋቁሞ፣ በዓመቱ «የኢትዮጵያ ሕግ መጽሔት» በአማርኛና በእንግሊዝኛ መውጣት ጀመረ። ብዙዎቹ መምህራን ከአሜሪካ የመጡ ስለነበሩ የአሜሪካው ልማድ ተጽዕኖ ታይቶበታል። ሆኖም መጽሔቱ ከምርምር ጽሑፎች ጋር የፍርድ ቤት ውሳኔዎችንም ያሳትም ነበር፤ ሕጎቹ ገና አዲስ በነበሩበት በዚያ ዘመን ለዳኛውና ለጠበቃው ከጽሑፎቹ ይልቅ ውሳኔዎቹ ሳይጠቅሙ አልቀሩም። እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው «ሚዛን ሎው ሪቪው» የአቻ ግምገማን ሥርዓት የሚከተል ነው። ባለሙያው ጥቂት በሆነበት አገር የጸሐፊውን ስም ሸፍኖ መገምገም የራሱ ችግር አለው፤ ገምጋሚው ጽሑፉን በርዕሱና በአጻጻፉ ብቻ የማን እንደሆነ ሊያውቅ ይችላልና።

በችሎት ፊት

ወደ ቤንዴክቲን ጉዳይ እንመለስ። ኩባንያው ክሱ እንዲዘጋለት ሲጠይቅ የአንድ ሐኪምና የኤፒዲሚዮሎጂ ባለሙያ ቃል አቀረበ። ባለሙያው ከ130,000 በላይ ታካሚዎችን የሚመለከቱ ከ30 የሚበልጡ የታተሙ ጥናቶችን መመርመሩንና መድኃኒቱ በሰው ጽንስ ላይ ጉድለት እንደሚያስከትል ያረጋገጠ አንድም እንዳላገኘ ገለጸ። ከሳሾቹ በበኩላቸው ስምንት ባለሙያዎች አቀረቡ። እነዚህም በላቦራቶሪና በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች፣ የመድኃኒቱ ኬሚካዊ አወቃቀር ከሌሎች ጎጂ ንጥረ ነገሮች ጋር ባለው መመሳሰል፣ እንዲሁም የታተሙትን የኤፒዲሚዮሎጂ ጥናቶች እንደገና በማስላት ላይ ተመሥርተው መድኃኒቱ ጎጂ ነው አሉ። የእንደገና ስሌቱ ግን በየትኛውም መጽሔት አልታተመም፤ የተዘጋጀውም ለክርክሩ ነበር። የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1991 ምስክርነቱን የጣለበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የብዙኃኑን ውሳኔ የጻፈው ዳኛ ሃሪ ብላክመን ከሕክምና ሩቅ ሰው አልነበረም፤ ከዳኝነቱ በፊት በ1950ዎቹ የማዮ ክሊኒክ የሕግ አማካሪ ሆኖ አገልግሏል። ስለ አቻ ግምገማ ሲጽፍ ያነበበውን የውሳኔው ጥቅሶች ያሳያሉ። አርኖልድ ሬልማንና ማርሻ ኤንጀል እ.ኤ.አ. በ1989 በ«ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን» ያወጡትን ግምገማ ምን ያህል መልካም ነው የሚል ጽሑፍ ጠቀሰ። አሠራሩ አዲስ ሐሳብን ያፍናል ሲል ዴቪድ ሆሮቢን እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የጻፈውንም ጠቀሰ። ሁለቱም የመጡት የሕክምና አዘጋጆች የራሳቸውን ልማድ መመርመር በጀመሩበት ወቅት ነው፤ በድረሞንድ ሬኒ አነሣሽነት ስለ አቻ ግምገማ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1989 በቺካጎ ተካሂዶ ነበርና። የሕክምናው ማኅበረሰብ በራሱ ላይ ያነሣው ጥርጣሬ በጥቂት ዓመት ውስጥ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ገባ።

ውሳኔው መካከለኛ ነበር። መታተም የአቻ ግምገማ አንድ ገጽታ ብቻ እንደሆነና በራሱ የአስተማማኝነት ማረጋገጫ እንዳልሆነ ተናገረ፤ አንዳንድ ሐሳብ አዲስ በመሆኑ፣ ሌላው ደግሞ ጥቂቶችን ብቻ የሚመለከት በመሆኑ ሳይታተም ሊቆይ ይችላል። ይሁን እንጂ ለባልደረቦች ምርመራ መቅረብ ስሕተት የመገኘቱን ዕድል ስለሚጨምር የመልካም ሳይንስ አካል ነው። ስለዚህ ዳኛው ግምገማን ከሌሎች መመዘኛዎች ጋር፣ ማለትም ሐሳቡ በሙከራ መፈተን መቻሉን፣ የሚታወቀውን የስሕተት መጠንና በዘርፉ ያለውን ተቀባይነት፣ አንድ ላይ እንዲመዝን ታዘዘ። ከ1923 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራበት የነበረው የ«አጠቃላይ ተቀባይነት» መመዘኛ ብቻውን መወሰኑ ቀረ። ዳኛው የበር ጠባቂ ሆነ፤ ሁለት ዳኞች ግን ችሎቱን ወደ አማተር ሳይንቲስትነት ይገፋዋል ብለው በከፊል ተለዩ።

ይህ ሚዛናዊነት ትክክል እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ ከዚያው ከቤንዴክቲን ታሪክ ውስጥ ይገኛል። አውስትራሊያዊው የማህፀን ሐኪም ዊልያም ማክብራይድ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1961 ታሊዶማይድ የጽንስ ጉድለት እንደሚያስከትል የሚጠቁም አጭር ደብዳቤ በ«ላንሴት» አወጣ። በዚያን ጊዜ መጽሔቱ መደበኛ የውጭ ግምገማ አልነበረውም፤ ደብዳቤውም ጥቂት መስመር ነበር። የያዘው ነገር ግን እውነት ሆነ፤ ከጀርመናዊው ቪዱኪንድ ሌንዝ ጋር የሐኪሙን ስም በዓለም አስጠራው። ማክብራይድ በኋላ በአሜሪካ በቤንዴክቲን ላይ በተነሡ ክሶች ለከሳሾች መሰከረ። እ.ኤ.አ. በ1982 ደግሞ ሌላ መድኃኒት በጥንቸሎች ጽንስ ላይ ስላለው ጉዳት በአንድ የታወቀ የሳይንስ መጽሔት ላይ አሳተመ። ይህኛው ጽሑፍ ሠንጠረዥ፣ ቁጥርና ተባባሪ ጸሐፊዎች ነበሩት። ቁጥሮቹ ግን ተለውጠው ነበር። ይህን ያወቁት ጽሑፉን የመረመሩ አዘጋጆች ሳይሆኑ ሙከራውን በእጃቸው የሠሩት ወጣት ባልደረቦቹ ናቸው። ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ1987 በአውስትራሊያ ሬዲዮ ይፋ ወጣ፤ የዳውበርት ውሳኔ በተሰጠበት በ1993 ማክብራይድ በሳይንሳዊ ማጭበርበር ጥፋተኛ ተብሎ ስሙ ከሐኪሞች መዝገብ ተሰረዘ።

ግምገማ ሐሰትን ለመያዝ የተሠራ ወጥመድ አይደለም፤ ገምጋሚው ከፊቱ ያለው ቁጥር በእርግጥ የተለካ ነው ብሎ ይጀምራል። ሐቀኛ ስሕተትን የመያዝ አቅሙም ቢሆን ተለክቷል። ፊዮና ጎድሊና ባልደረቦቿ በ«ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል» ባካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ሙከራ፣ በአንድ ለመታተም በተቃረበ ጽሑፍ ውስጥ ሆን ብለው 8 ጉድለቶች አስገብተው ለገምጋሚዎች ላኩ። የመለሱት 221 ገምጋሚዎች በአማካይ ያገኙት 2 ያህሉን ነበር። ስምን መሸፈንም ሆነ መግለጥ ለውጥ አላመጣም።

የዳውበርት ጉዳይ ለይግባኝ ሰሚው ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1995 እንደገና ታየ። ዳኛ አሌክስ ኮዚንስኪ በጻፈው ውሳኔ የከሳሾቹ ባለሙያዎች ምርምሩን የሠሩት ከክርክሩ በፊትና ከክርክሩ ተለይተው እንዳልነበረ፣ የቤንዴክቲን ሥራቸውን ለሳይንሳዊ መጽሔት አሳልፈው እንዳልሰጡ ገልጾ ምስክርነታቸውን ዳግመኛ ጣለ። ቤተሰቦቹ ተረቱ። የሕፃናቱ ጉድለት ምክንያት በፍርድ ቤት ሳይታወቅ ቀረ።

መድኃኒቱ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ከገበያ ወጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ነፍሰ ጡሮች የወሰዱትን ይህን መድኃኒት ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1983 ማምረት ያቆመው የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣኑ አስገድዶት ሳይሆን የክሱ ወጪ ከሽያጩ ጋር አልመጣጠን ስላለው ነበር። ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ ለእርግዝና ማቅለሽለሽ በባለሥልጣኑ የጸደቀ መድኃኒት ለሠላሳ ዓመት ጠፋ፤ በጎረቤቷ በካናዳ ግን ዶክሲላሚንና ፒሪዶክሲን የያዘው ተመሳሳይ ውህድ መሰጠቱን ቀጥሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2013 ይኸው የሁለት ንጥረ ነገር ውህድ ዲክሌጂስ በሚል አዲስ ስም በአሜሪካ እንደገና ተፈቀደ።